የፋሲል ግንብን በሞዴል መስራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጎንደሩን የፋሲል ግንብ ከፎም፣ ከስቱኮና ከጀሶ አሳንሶ መስራት የሚፈልግ ሰው ሁሉ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። በዙሪያው መሬት፣ ዛፍና ሰው ያለበት ዲዮራማ ማለቴ ነው እንጂ ብቻውን የቆመ ግንብ አይደለም። ብዙ የማወራው ስለ ድንጋዩና ስለ ቀለሙ ነው፤ ብዙ ሞዴል የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለጀማሪ አይከብድም?

ከሩቅ ሲያዩት ነው የሚከብደው። ፈታታችሁ ካያችሁት አራት ማዕዘን ሳጥን ነው። በአራቱ ማዕዘን ጉልላት የደፉ ክብ ማማዎች አሉ። በደቡብ ምዕራብ በኩል ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚወጣ አራት ማዕዘን ማማ አለ። አንድ ትልቅ ሳጥን፣ አራት ቱቦ፣ አንድ ረጅም ሳጥን። በቃ።

ድንጋዩም ያግዛችኋል። ግንቡ የተሰራው ወጣ ገባ በሆነ ቡናማ ባሳልትና በኖራ ነው። ጡብ ያለበት ሕንፃ ስትሰሩ አንድ መስመር ቢዛነፍ ከሩቅ ያስታውቃል። እዚህ ግን ትንሽ መዛነፍ ያምርበታል።

ጀማሪ የሚሸወደው ሌላ ቦታ ነው። ካርቱን ላይ ያየነው የአውሮፓ ቤተ መንግሥት አእምሯችን ውስጥ ተቀርጿል። ሳይታወቀን ማማው ላይ ሹል ጣሪያ እንሰካለን፣ ግድግዳውን ግራጫ እንቀባለን። የጎንደሩ ጉልላት ግን ድቡልቡል ነው፤ ወደ እንቁላል ቅርፅ ያደላል። ስለዚህ ፎቶውን ፊት ለፊታችሁ ለጥፋችሁ ስሩ እንጂ በትዝታ አትሂዱ።

በስንት ስኬል ልስራው?

እኔ 1፡100ን እመርጣለሁ። ግንቡ እስከ ረጅሙ ማማ ጫፍ 32 ሜትር ያህል ነው። በ1፡100 ስትሰሩት 32 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ አንድ ሜትር ማለት አንድ ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ካልኩሌተር አያስፈልግም። በ1፡72 ከ44 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። የ1፡72 ጥቅሙ በዚህ ልክ የተሰሩ የፕላስቲክ ሰዎችና ፈረሶች እንደ ልብ መገኘታቸው ነው። በ1፡35 ግን 91 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። የት ነው የምታስቀምጡት?

«ግቢውን በሙሉ ልስራ» የሚል ደፋርም አይጠፋም። የፋሲል ግቢ የውጭ አጥር ርዝመቱ 900 ሜትር ያህል ነው፤ ግቢው 70,000 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። በ1፡100 አጥሩ ብቻ 9 ሜትር ይሆናል፣ መሬቱ ደግሞ 7 ካሬ ሜትር። ሳሎኑን ለሞዴሉ ለቃችሁ እናንተ ኮሪደር ካላደራችሁ በስተቀር አይሆንም። የግድ ሙሉ ግቢ ከሆነ ወደ 1፡500 ውረዱ። ያኔ አጥሩ 1 ሜትር ከ80 ነው። ግን በዚያ ስኬል ድንጋይ አይታይም፤ የሚታየው ቅርፅና ቀለም ብቻ ነው።

ፕላኑን የት ላግኝ?

ፕላን ከሌላችሁ ፎቶ ይበቃል። ግን ማንኛውም ፎቶ አይሆንም። ከግንቡ ስር ቆሞ ወደ ላይ የተነሳ ፎቶ ማማውን ጫፉ ላይ ያቀጥነዋል። ራቅ ብላችሁ፣ ዙም አድርጋችሁ፣ ግድግዳውን ፊት ለፊት አንሱት። ቁመቱን የምታውቁት ሰው ግድግዳውን ተጠግቶ ይቁም።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ጓደኛችሁ 1 ሜትር ከ70 ከሆነ፣ ወረቀቱ ላይ ቁመቱ 17 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ፎቶውን አሳንሳችሁ አትሙት። የቆመበት ግድግዳ በ1፡100 ተዘጋጅቶላችኋል ማለት ነው። በማስመሪያ እየለካችሁ ወደ ፎሙ ማሳለፍ ብቻ ነው የሚቀረው።

አራቱንም ጎን አንሱ። ሰው ሁሉ የሚያነሳው የፊቱን ነው፤ የኋላው ፎቶ በሚፈለግበት ሰዓት ድራሹ ይጠፋል።

የየትኛውን ዘመን ግንብ ነው የምሰራው?

ይህን ሳትወስኑ ፎም አትቁረጡ። የኖራው ቀለም፣ ዛፉ፣ ዙሪያው ያለው ቤት፣ ሁሉም በዚህ ይወሰናል።

ዐፄ ፋሲለደስ የነገሡት ከ1632 እስከ 1667 ነው። ጎንደርን በ1636 ዋና ከተማ አደረጓት። በ1648 ከየመን በመልእክተኝነት የመጣው አል-ሐይሚ ግንቡን አይቶ በጣም ተደንቋል። ከድንጋይና ከኖራ የተሰራ እንደሆነ ጽፏል፤ የተቀረው ከተማ ግን የሣር ቤት ብቻ መሆኑንም አልሸሸገም። ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው ይኼ ትዕይንት ነው። አዲስ ግንብ፣ ገና ያልጠቆረ ኖራ፣ ዙሪያውን የሣር ጎጆ፣ ጭስ፣ ከብት። የሌሎቹ ነገሥታት ግንቦች ገና አልተሰሩም። የሚገርመው ግን ይህን የሚሰራ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም፤ ሁሉም የዛሬውን ነው የሚሰራው።

የዛሬውን መስራትም አያስከፋም። በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ግቢ ሣር ለብሶ፣ ጎብኚ ካሜራውን አንግቶ። ፎቶም እንደ ልብ ይገኛል።

ፍርስራሽ የሚማርካችሁ ከሆነ ደግሞ የዐፄ ኢያሱ ግንብ አለላችሁ። በዘመኑ በወርቅና በዝሆን ጥርስ ያጌጠ እንደነበር ይነገርለታል። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው። በ1941 ደግሞ እንግሊዞች ጎንደር ላይ የነበረውን የጣሊያን ጦር በአውሮፕላን ሲደበድቡ ጣሪያውን አጣ። ታዲያ «ፍርስራሽ ይቀላል» ብላችሁ እንዳትገቡበት። ጣሪያ ከሌለ ውስጡ ይታያል፤ የግድግዳው ውፍረትም ይታያል። ከካርቶን የተሰራ ቀጭን ግድግዳ እዚያ ላይ ወዲያው ይጋለጣል።

ምን ምን ልግዛ?

ነጭ ፎም መጀመሪያ ቤታችሁ ፈልጉ። የቴሌቪዥንና የፍሪጅ ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ማለቴ ነው። በጣት ስትጫኑት ጠጠር የሚለውን ያዙ፤ ፍሬው ትልልቅ ሆኖ የሚፈረፈረውን ተዉት። ለመሠረቱ ኮምፔንሳቶ ወይም ኤምዲኤፍ ይሁን። ካርቶን ላይ የተሰራ ዲዮራማ ኮላና ውሃ ሲነካው ይቆለመማል፤ አንዴ ከተቆለመመ አይመለስም።

የተቀረው ከቀለም ቤትና ከጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ይገኛል። ነጩ የአናጢ ኮላ፣ ስቱኮ፣ ትንሽ ጀሶ፣ ደቀቅ ያለ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከተርና ተቀያሪ ስለት፣ ነጭና ጥቁር ፕላስቲክ ቀለም፣ በቱቦ የሚሸጥ ቡናማ፣ ቀይና የአፈር ቢጫ አክሪሊክ። ስቴኪኒ አትርሱ። ስፖንጅ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ የእንቁላል ካርቶንም አትጣሉ።

ስስት የማያዋጣው ስለት ላይ ነው። ነጭ ፎም በደነዘዘ ስለት ሲቆረጥ ቤቱን በረዶ የዘነበበት ያስመስለዋል። ስለቱን አስተኝታችሁ፣ ሳትጫኑ፣ በተደጋጋሚ ሳቡት። በጋለ ሽቦ የሚቆርጥ ሰው ደግሞ መስኮት ይክፈት፤ የፎም ጭስ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ስፕሬይ ስነፋበት ፎሙ ቀለጠ። ለምን?

ስፕሬዩ ውስጥ ያለው ማሟሚያ ነው የበላው። ቲነርም፣ በቲነር የቀጠነ ቀለምም፣ ማስቲሽም ያው ናቸው። ፎም ላይ በውሃ የሚቀጥን ነገር ብቻ ተጠቀሙ። ሆት ግሉም በጣም ከጋለ ጉድጓድ ይሰራል። ቶሎ ባይደርቅም ነጩ ኮላ ይሻላል፤ እስኪይዝ ድረስ በስቴኪኒ ወግታችሁ አቆራኙት።

የቀለጠውን ጥግ በስቱኮ ሙሉት። ወይም ዘመናችሁን ቀይሩና ፍርስራሽ አድርጉት።

ድንጋዩን እንዴት ነው የማወጣው?

ብዙ ሰው የእንቁላል ካርቶን ቀዳዶ አንድ በአንድ መለጠፍ ይመክራል። ያምራል፤ አልክድም። ግን እስኪ አስሉት። 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ እውነተኛ ድንጋይ በ1፡100 ሦስት ሚሊ ሜትር ነው። ግድግዳውን በሙሉ በሦስት ሚሊ ሜትር ቁራጭ መሸፈን በሺዎች የሚቆጠር ቁራጭ ይፈልጋል። ትዕግሥት ያለው ይሞክረው። እኔ የእንቁላል ካርቶኑን የማስቀምጠው ዓይን ለሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ለበሩ ዙሪያ፣ ለቅስቱ፣ ለግድግዳው እግር።

ለተቀረው ስቱኮ ይሻላል። ፎሙን መጀመሪያ ውሃ በነካው ኮላ ቀቡት። ሲደርቅ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል የሚሆን ስቱኮ በስፓቱላ ልበጡበት። ልስልስ እንዲል አትድከሙ፤ ጎርበጥ ማለቱ ይፈለጋል። ከዛ ጠብቁ። በጣት ስትነኩት አሻራችሁን የሚይዝበት፣ ግን ጣታችሁ ላይ የማይጣበቅበት ሰዓት አለ። ያኔ በስቴኪኒ ጫፍ ድንጋዮቹን መሳል ጀምሩ። ቶሎ ከጀመራችሁ ስቱኮው ከስቴኪኒው ጋር እየተጎተተ ይመጣል። ከዘገያችሁ ደግሞ ይፈረፈራል። ለዚህ ነው ግድግዳውን በሙሉ በአንዴ መለበጥ የማይመከረው። የመዳፍ ስፋት ያህል ለብጣችሁ፣ ስላችሁ፣ ቀጥሉ። ሲቀጥሉ ድንበሩ እንዳይታወቅ ጠርዙን ቀጥ አድርጋችሁ አትተዉት፤ በድንጋዮቹ ቅርፅ ይቁም።

ስትስሉ አንድ ነገር ያዙ። ቁም መስመሮች እርስ በርስ አይገናኙ። ግንበኛ መገጣጠሚያ ላይ መገጣጠሚያ አይጭንም፤ ግድግዳው ይሰነጠቅበታል። ትልቅ ድንጋይ፣ አጠገቡ ትንሽ፣ ክፍተቱ ውስጥ ከዚያ ያነሰ ጠጠር። እጃችሁ ሳይታወቀው ተመሳሳይ መጠን መደጋገም ይወዳል፤ በየመሃሉ ቆም ብላችሁ ፎቶውን እዩ።

መስመሩ ካለቀ በኋላ፣ ስቱኮው ሳይጠነክር፣ በጥርስ ብሩሽ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት። የድንጋዩ ፊት ሸካራ ይሆናል፤ የስቴኪኒው ጠርዝ ላይ የቆመው ቅርፊትም ይረግፋል።

ጉልላቶቹን ከምን ልስራ?

ከእንቁላል። ቀልድ አይደለም።

የእንቁላሉን ሰፊ ጫፍ ሰብራችሁ ውስጡን አውጡ (እንቁላሉን ጠብሳችሁ ብሉት)። ቅርፊቱን እጠቡ፤ ውስጥ ያለውን ስስ ሽፋን በቻላችሁት መጠን ላጡት። በጣም ትንሽ ዘይት አስነኩት። የእንቁላል መያዣው ላይ ሹሉን ወደ ታች አድርጋችሁ አቁሙትና ጀሶ ሙሉበት። ጀሶውን ስትበጠብጡ ዱቄቱን ውሃው ውስጥ ነስንሱ እንጂ ውሃውን ዱቄቱ ላይ አትድፉ፤ ይጓጉላል። ጀሶ ሲይዝ ይሞቃል። ሙቀቱ ለቆ ሲበርድ ቅርፊቱን ላጡት፤ የተዘጋጀ ጉልላት ታገኛላችሁ። የተረፈውን ጀሶ ሲንክ ውስጥ አትድፉት፤ ቧንቧው ውስጥ ነው ድንጋይ የሚሆነው።

መጠኑ ወሳኝ ነው። የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ወፍራም ነው፤ የሀበሻ ዶሮ እንቁላል ቀጠን ይላል። በፎቶው የለካችሁትን የማማ ስፋት ይዛችሁ አወዳድሩ። አራቱ እንዲመሳሰሉ ከአንድ ትሪ ላይ ተቀራራቢውን ምረጡ። ትንሽ ከበለጠ ጀሶው በብርጭቆ ወረቀት በቀላሉ ይፋቃል።

ጫፉ ላይ ያሉት ጥርሶች፣ ደረጃውና በረንዳውስ?

ጥርስ የምላቸው በግድግዳውና በማማው ጫፍ ላይ ክፍተት እየተዉ የተደረደሩትን ጉጦች ነው። አንድ በአንድ አትለጥፏቸው፤ መቼም ቀጥ አይሉም። ረጅም ጥብጣብ ከወፍራም ካርቶን ቁረጡና ክፍተቱን ከላዩ ላይ አውጡ።

ደረጃው በውጭ በኩል ወደ ላይኛው ፎቅ የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካርቶን እየደራረባችሁ፣ እያንዳንዱን ትንሽ እያስገባችሁ ለጥፉ። በ1፡100 አንዱ ካርቶን አንድ እርከን ይሆናል። ለእንጨት በረንዳው ስቴኪኒ ይበቃል። በሮቹን ከአይስክሬም እንጨት። ቀለም ከመቀባት ይልቅ ጠቆር ያለ ሻይ ውስጥ ማዋል የተሻለ መልክ ይሰጠዋል፤ የእንጨቱ ጅማት እንዳለ ይቀራል።

ግራጫ ቀባሁት፤ ግን ጎንደርን አይመስልም። ምን ጎደለው?

ሁለት ነገር። አንደኛው የድንጋዩ ቀለም ነው። የፋሲል ግንብ ግራጫ አይደለም። ቡናማ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ወደ ማር ያደላል፤ ደመና ሲሆን ይጠቁራል። ከቱቦ እንደወጣ ቡናማውን አትቀቡ። ቡናማ ላይ የአፈር ቢጫ ጨምሩ፣ ጥቁር ጠብታ፣ ትንሽ ነጭ። ነጩ የሚያስፈልገው ትንሽ ነገር ላይ ቀለም ስለሚጠቁር ነው። ከእውነተኛው ድንጋይ ጋር ልክ የሆነ ቀለም ሞዴሉ ላይ ከሰል ይመስላል።

ሁለተኛው፣ ዋናው ነገር፣ ኖራው ነው። ስለ ግንብ ሞዴል የሚያስተምር ቪዲዮ ሁሉ «ቀጭን ጥቁር ቀለም አፍስሱበት፤ መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ ድንጋዩን ያወጣዋል» ይላል። ለብዙ የአውሮፓ ግንብ ሊሆን ይችላል። ጎንደር ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በድንጋዮቹ መሃል ያለው ኖራ ከድንጋዩ ይልቅ ነጣ ያለ ነው። ጥቁር ካፈሰሳችሁበት ጎንደርነቱ ያኔውኑ ይጠፋል፤ እስር ቤት ነው የሚመስለው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጉት። መጀመሪያ ጥቁር ቡናማ ፕላስቲክ ቀለም ከኮላ ጋር ቀላቅላችሁ ሁሉንም ሸፍኑ። ሲደርቅ ያንን የደባለቃችሁትን ቡናማ በስፖንጅ መታ መታ እያደረጋችሁ ደርቡበት፤ ጉድጓዱን አይሙላው። ከዛ ቁጭ ብላችሁ ድንጋይ ምረጡ። ከስድስት ሰባቱ አንዱን ቀላ አድርጉት፣ ሌላውን ወደ ግራጫ፣ ሌላውን ወደ ቢጫ። ልዩነቱ ስስ ይሁን፤ ከአንድ ሜትር በላይ ሲርቁ የማይለይ ቢሆን ጥሩ ነው። ይህ ሲደርቅ ውሃ የነካው ኮላ በስሱ ቀብታችሁ አሳድሩት። ካልቀባችሁ ቀጥሎ ስትወለውሉ ቀለሙ ይነሳል።

አሁን ኖራው። ነጭ ፕላስቲክ ቀለም፣ ትንሽ ስቱኮ፣ የአፈር ቢጫ፣ የቡናማ ጠብታ። በውሃ አቅጥኑት፤ ውፍረቱ እንደ አጥሚት ይሁን። ንጹህ ነጭ እንዳታደርጉት፤ በዚህ ስኬል ይጮኻል። የመዳፍ ያህል ቦታ ላይ ቀቡት፣ በጣታችሁ ወደ መስመሩ አሽት አሽት አድርጉት፣ ጥቂት ጠብቁ። ከዛ ጥሩ አድርጋችሁ በጨመቃችሁት ስፖንጅ በአንድ አቅጣጫ ጥረጉት። ኖራው መስመሩ ውስጥ ይቀራል፤ ድንጋዩ ተመልሶ ይወጣል። ስፖንጁን በየጊዜው እጠቡት። ድንጋዩ ፊት ላይ ስስ ጭጋግ ቢቀር አትደንግጡ፤ እውነተኛውም ላይ አለ።

ጥቁሩን የምታስገቡት መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ጥላ ባለበት ብቻ። ከጥርሶቹ ስር፣ በመስኮቱ ውስጥ፣ ከበረንዳው ታች።

ቀለሙን የምታዩት በቀን ብርሃን፣ ራቅ ብላችሁ ይሁን። ማታ በአምፖል የተዋበ ግድግዳ ጠዋት ላይ ሌላ ነው። በቫርኒሽ ካልጨረስኩ የምትሉ ከሆነ የማያብለጨልጨውን ፈልጉ። የሚያብረቀርቅ ግንብ የኬክ ጌጥ ነው የሚመስለው። ከሌለ ያለ ቫርኒሽ ተዉት።

ሌሎቹን ግንቦች በዚሁ ቀለም መቀባት እችላለሁ?

መነሻው አንድ ነው፤ ግን የእቴጌ ምንትዋብን ግንብ ስትሰሩ ቀዩን ቱቦ አቅርቡ። ግድግዳው ላይ ከቀይ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎች አሉ። እነሱን በስቱኮ ከመሳል ከካርቶን ቆርጦ መለጠፍ ይሻላል። ቀዩን በቡናማ አብርዱት።

እንዴት ነው የማስረጀው?

በጥቂቱ። ክረምቱ ጎንደር ላይ ከባድ ነው፤ ውሃ ሲወርድበት የኖረ ግድግዳ ጥቁር ቁልቁል መስመር ይይዛል። ቀጭን ጥቁር ቡናማ በብሩሽ ጫፍ ከመስኮቱ ስር ወደ ታች ጎትቱት፤ ወዲያው በጣት አደብዝዙት። ግድግዳው እግር ላይ ትንሽ አረንጓዴ። የዛሬውን ግቢ የምትሰሩ ከሆነ እዚህም እዚያም ግራጫ የሲሚንቶ ጥገና ብታስገቡ እውነት ነው፤ በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶ የተጠገነ ነገር ነበር። የ1648ቱን የምትሰሩ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ያኔ ግንቡ አዲስ ነው።

መሬቱን፣ ሣሩንና ዛፉንስ?

ወቅት ምረጡ። መስከረም ከሆነ አረንጓዴና የአደይ ቢጫ ነጠብጣብ። ጥር ከሆነ የደረቀ ሣር። ሁለቱን ያደባለቀ ዲዮራማ የየት አገር መሬት እንደሆነ አይታወቅም።

አፈሩ የእውነት አፈር ይሁን፤ በወንፊት ነፍታችሁ ኮላ ላይ ነስንሱት። ለሣሩ ሰጋቱራ በቀጭን አረንጓዴና በቢጫ ነክራችሁ አድርቁ። ረዘም ያለውን ሣር ከቃጫ ቆርጣችሁ ትከሉ። ያው ቃጫ ለጎጆዎቹ ክዳንም ይሆናል፤ ከታች ወደ ላይ እየደረባችሁ ለጥፉት። የቡና አተላ ለአፈር ቆንጆ ነው የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፣ ግን ፀሐይ ላይ በደንብ ካልደረቀ ይሻግታል።

ለዛፍ የደረቀ የጦስኝ ግንድ ፈልጉ። ቅርንጫፉ ለዚሁ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ጥድና ወይራ አድርጉት። ባሕር ዛፍን ግን ተጠንቀቁ። ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ፋሲለደስ አያውቁትም። ቆርቆሮ ጣሪያም እንደዚያው። ሞዴሉን የሚያይ አንድ አዋቂ ሰው ከመጣ መጀመሪያ የሚጠቁመው እሱን ነው።

የፋሲል መዋኛን ብሰራ ውሃውን ከምን ላድርገው?

እሱ ለመጀመሪያ ሥራ ከግንቡም የተሻለ ነው፤ አነስ ያለ ሕንፃ፣ ቅጥር፣ ገንዳ። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ገንዳው ባዶ ስለሆነ ያለ ውሃ ብትሰሩትም ትክክል ነው። ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ የሚሞላው ለጥምቀት ነው። ውሃ ይኑረው የምትሉ ከሆነ ወለሉን ጥቁር አረንጓዴ ቀብታችሁ ኢፖክሲ ሬዚን (ሲደርቅ እንደ መስታወት ጥርት ብሎ የሚጠነክር ፈሳሽ) በስሱ እየደጋገማችሁ አፍስሱ። በአንዴ ወፍራም አድርጋችሁ ካፈሰሳችሁት ይግላል፤ ይሰነጠቃል። ከማፍሰሳችሁ በፊት ገንዳው የትም እንደማያፈስ አረጋግጡ። ሬዚን የመርፌ ቀዳዳ ካገኘ ጠረጴዛችሁ ላይ ነው የምታገኙት። ጓንት አድርጉ።

ቅጥሩን በሥራቸው አንቀው የያዙትን ዛፎች እንዳትረሱ። ቀጭን ሽቦ ጠምዛችሁ፣ በኮላ የራሰ ሶፍት አልብሳችሁ፣ ድንጋዩ ላይ አጋድሙት።

ሰዎቹን ከየት ላምጣ?

በ1፡100 አንድ ሰው 17 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ፊት መስራት አያስፈልግም። የሽቦ አጥንት፣ በኮላ የራሰ ሶፍት እንደ ጋቢ ተደርቦ፣ ነጣ ያለ ቀለም። አለቀ። ብዙ አታድርጉ። አንዱን ግን በሩ አጠገብ አቁሙት፤ የግንቡ ትልቅነት የሚታወቀው በእሱ ነው።

በ3ዲ ፕሪንተር ባትመውስ?

ፕሪንተር ካላችሁ ሰዎቹን፣ ፈረሶቹንና የበረንዳውን መደገፊያ አትሙበት። ግድግዳውን ግን በእጅ። የታተመ ድንጋይ አንድ ቅርፅ ይደጋግማል፤ ዓይን ደግሞ ድግግሞሽ ቶሎ ይይዛል።

አሜሪካ ነው ያለሁት። የተለየ ነገር አለ?

ዕድለኛ ናችሁ። የቤት ጥገና ዕቃ የሚሸጡ ትልልቅ መደብሮች የግድግዳ ሙቀት መከላከያው ክፍል ውስጥ ሮዝ ወይም ሰማያዊ ጠጣር ፎም በሉህ ይሸጣሉ። አውሮፓም በተለያየ ቀለም አለ። እሱ አይፈረፈርም፤ ድንጋዩን ያለ ስቱኮ በቀጥታ በእርሳስ መቅረጽ ይቻላል። ፊቱ ላይ የተጨማደደ አሉሚኒየም ፎይል ስታንከባልሉበት የድንጋይ ሸካራነት ይይዛል። ስፕሬይ ግን እሱንም ይበላዋል።

ከልጆች ጋር መስራት ይቻላል?

ይቻላል። ስለትና ሬዚን የአዋቂ፣ ድንጋይ መሳልና አፈር መነስነስ የልጆች ይሁን። ልጅ የሳለው ድንጋይ ከአዋቂው የተሻለ ወጣ ገባ ይሆናል።

አቧራውን እንዴት ላጽዳ?

በለስላሳ የሜካፕ ብሩሽ፣ ከላይ ወደ ታች። እርጥብ ጨርቅ አታስነኩት፤ አፈሩና ቃጫው ይነሳሉ። ቀጥታ ፀሐይ የሚመታው መስኮት አጠገብ አታስቀምጡት። የመስታወት ሳጥን ካሰራችሁለት ከረጅሙ ማማ በላይ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ፤ ጣሪያው ከነካው የታፈነ ይመስላል። መሠረቱን ሳጥኑ ላይ አትለጥፉት፤ በብሎን እሰሩት፤ አንድ ቀን የወደቀ ጥርስ መልሳችሁ መለጠፋችሁ አይቀርም።